የቴሌቪዥኑን ቱጃር ማን ያውቀዋል?

እራት ተበልቶ፣ ዕቃው ታጥቦ፣ የልጆቹ የትምህርት ቤት ልብስ ለነገ ከተዘጋጀ በኋላ ቤተሰቡ በቴሌቪዥኑ ፊት ይሰበሰባል። በመስኮቱ ላይ አንድ ጥቁር መኪና መጥቶ ይቆማል። ዘበኛው ሮጦ በሩን ይከፍታል። ከረባት ያሰረ ሰው ይወርዳል፤ ሰላምታ ሳይመልስ ያልፋል፤ ቢሮው ገብቶ ጠረጴዛውን በጡጫ ይመታል፤ «እኔ ማን እንደ ሆንኩ አታውቅም!» ብሎ ይጮኻል። ከዚያም ውስኪውን ቀድቶ ከፎቁ ላይ ከተማውን ቁልቁል ይመለከታል።

ውድ አንባቢያችን፤ ይህን ሰውዬ ስንት ጊዜ አይተውታል? ስሙና ከረባቱ ይለዋወጣል እንጂ ሰውየው ያው ነው። ለመሆኑ እንዲህ ያለ ባለጸጋ በኑሮዎ ውስጥ አጋጥሞዎት ያውቃል? ባለጸጎች አጋጥመውዎት ይሆናል፤ በአንዳቸው ቤት ወይም መሥሪያ ቤት ሠርተውም ይሆናል። ነገር ግን ያ ያወቁት ሰው ከዚህ ከሚጮኸው ሰው ጋር ይመሳሰላልን?

ይህን ጥያቄ ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። የሁለት ልጆች እናት የሆነች አንዲት ወዳጃችን በአንድ የንግድ ድርጅት ውስጥ በጸሐፊነት ስትሠራ አሥራ አንድ ዓመት ሆኗታል። ልጆቿ ከተኙ በኋላ በወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ እየተቀመጠች አንድ የቴሌቪዥን ድራማ ጽፋ ጨረሰች። ሙያውን ለሚያውቅ ሰው ሰጥታም አስነበበችው። ያገኘችው መልስ አጭር ነበር። «እናቲቱ ታሳምናለች፤ የቤት ሠራተኛዋም ታሳምናለች፤ ባለጸጋው ግን ሰው አይመስልም» የሚል። ጽሑፉን አርማ እንድትመልስ ሁለት ወር ተሰጣት።

በዚያው ሰሞን ሌላ ነገር ደረሰ። የአሥራ አራት ዓመት ወንድ ልጇ የሰፈሩን ዘበኛ፣ አያቱ ሊሆኑ የሚችሉትን ሽማግሌ፣ «አንተ! በሩን ክፈት እንጂ!» ሲላቸው በጆሮዋ ሰማች። ልጁን ገሥጻ ይቅርታ ካስጠየቀችው በኋላ ይህን ከየት እንዳመጣው ጠየቀችው። «እንደ ቴሌቪዥኑ ሀብታም ስቀልድ ነው» አላት።

«ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም» ስትል አጫወተችን። «ያንኑ ሰውዬ እኔም ጽፌዋለሁና።»

ጽሑፉን አየነው። እውነትም ያው ጠረጴዛ የሚደበድበው ሰው ነበር። «አለቃሽ ጠረጴዛ ይመታሉ ወይ?» ብለን ጠየቅናት። ሳቀች። «እሳቸው? በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ድምፃቸውን ከፍ ሲያደርጉ ሰምቼ አላውቅም» አለች።

«ታዲያ ሠራተኛው አይፈራቸውም?»

«እንዴት አይፈራ! ጧት ገብተው መነጽራቸውን አውልቀው በመሐረብ መጥረግ ከጀመሩ በዚያ ቀን አንድ ሰው ከሥራ ይወጣል ማለት ነው። ያን ጊዜ እኛ ሻይ እንኳ አናዝም። ሾፌሩ ገና ከመኪናው ሲወርዱ አይቶ በስልክ ይነግረናል።»

«ታዲያ ይህን ለምን አልጻፍሽውም?»

ዝም አለች። ቆይታም «ይህም ድራማ ይሆናል እንዴ?» አለችን።

ውድ አንባቢያን፤ የዛሬው ጽሑፋችን ለዚህች እናት ጥያቄ የተሰጠ መልስ ነው። አባቶች «ማን ይናገር የነበረ፣ ማን ያርዳ የቀበረ» ይላሉ። ባለጸጋውን በቅርብ የሚያውቁት ደብዳቤውን የምትጽፍለት፣ ምግቡን የምታበስልለት፣ መኪናውን የሚነዳለትና በሩን የሚጠብቅለት ናቸው። ስለዚህ ስለ እሱ ለመጻፍ በቂ ዕውቀት ያላት ወዳጃችን፣ ያየችውን ትታ በቴሌቪዥን ያየችውን መገልበጧ ነበር ስሕተቷ።

ኃይል የሚታየው በሌሎች ሰዎች ላይ ነው

እስቲ ስመ ጥር ከሆኑት ድራማዎች እንነሣ። «ሰክሴሽን» የተባለው የአሜሪካ ተከታታይ ድራማ እ.ኤ.አ. ከ2018 እስከ 2023 በ39 ክፍሎች ታይቷል። ዋና ደራሲው እንግሊዛዊው ጄሲ አርምስትሮንግ ሲሆን፣ ታሪኩ ሎጋን ሮይ ስለሚባል የጋዜጣና የቴሌቪዥን ድርጅቶች ባለቤትና ስለ አራት ልጆቹ ነው። ሎጋንን የተጫወተው ስኮትላንዳዊው ብራያን ኮክስ ነው።

ይህን ሁሉን የሚያስፈራ ቱጃር ደራሲው በመጀመሪያው ክፍል እንዴት አድርጎ አስተዋወቀው? በአውሮፕላንም በመኪናም አይደለም። በሌሊት፣ በገዛ ቤቱ ጨለማ ውስጥ፣ የት እንዳለ የጠፋው ሽማግሌ አድርጎ ነው። በማግስቱ ያ ሽማግሌ ሰማንያኛ ዓመት ልደቱን ሲያከብር ወንበሩን ለልጁ ይለቃል ተብሎ ሲጠበቅ «አለቅም» ይላል። ተመልካቹ የሌሊቱን ድካም አስቀድሞ ስላየ፣ የቀኑ ጉልበት ምን ያህል ትግል እንደሚጠይቀው ይገነዘባል።

ሎጋን አንዳንድ ጊዜ ይቆጣል፤ ይሳደባልም። ይሁን እንጂ አስፈሪ የሚያደርገው ቁጣው ብቻ አይደለም። እሱ ወደ ክፍሉ ሲገባ ሌሎቹ የሚሆኑትን ይመልከቱ። የጀመሩትን ወሬ ያቋርጣሉ፤ ፊቱን ያጠናሉ፤ እሱ ከሳቀ ይስቃሉ፤ የሚሉትን የሚወስኑት እሱ የሚለውን ከሰሙ በኋላ ነው። ወዳጃችን «ሻይ እንኳ አናዝም» ያለችው ከዚህ የተለየ አይደለም። መነጽሩን የሚጠርገው ሰው ምንም አልተናገረም፤ ፎቁ በሙሉ ግን ጸጥ ብሏል።

የሰውየው ሞትም የተጻፈው በዚሁ ስልት ነው። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2023 በታየው ክፍል ሎጋን በአውሮፕላን ውስጥ ሳለ ይሞታል። ልጆቹ በወንድማቸው ሠርግ ምክንያት በመርከብ ላይ ናቸው። ተመልካቹ እንደ ልጆቹ ነገሩን የሚሰማው በስልክ ነው። ስልኩ በአባትየው ጆሮ ላይ ተደርጎላቸው በየተራ ሊሰናበቱት ይሞክራሉ፤ ይስማ አይስማ አያውቁም። ያን ያህል ኃይል የነበረው ሰው ሲሞት ደራሲው አልቅሶ አላስለቀሰንም፤ በስልኩ ወዲህ ማዶ የቀሩትን ልጆች ብቻ አሳየን። መርዶ በስልክ የደረሳት እናት ይህ ትዕይንት እውነት መሆኑን ለማወቅ አስተማሪ አያሻትም።

ገንዘቡ ከየት መጣ?

ሁለተኛው ነገር ሥራ ነው። በብዙ ድራማዎች ውስጥ ባለጸጋው ምን እንደሚሠራ አይታወቅም። «ፕሮጀክቱ»፣ «ድርጅቱ»፣ «ውሉ» ይባላል፤ ይፈረማል፤ ይጨባበጣሉ፤ አለቀ። የእንጀራ እናት ልጅ እንኳ ይህን ያህል አይታለልም። ገንዘብ ላብ፣ ዕውቀት፣ ዕድል፣ ወይም ተንኮል ይጠይቃል፤ ከእነዚህ የትኛው እንደ ሆነ ተመልካቹ ማየት አለበት።

እ.ኤ.አ. በ1978 የተጀመረውና እስከ 1991 የዘለቀው «ዳላስ» ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። የኢዊንግ ቤተሰብ በቴክሳስ የነዳጅ ዘይት ባለሀብት ነው። የቤተሰቡ ጠብ ሁሉ ከነዳጁ ይመነጫል። የጉድጓዱ ባለቤት ማን ነው? ቀድሞ ማን ማንን አታለለ? ብድሩ በማን ስም ነው? እንዲህ ባለ ጥያቄ ላይ ስለ ቆመ ወንድም ከወንድም ቢጣላ አያስገርምም።

ወደ አገራችን ስንመለስ ደግሞ ነገሩ በእጃችን ነው። ገጸ ባሕርይዎ ቡና ላኪ ከሆነ፣ የኒው ዮርክ የቡና ገበያ በወጣ በወረደ ቁጥር እንቅልፍ ያጣል፤ በመጋዘኑ ያለውን ቡና ዛሬ ልሽጥ ወይስ ልቆይ እያለ ያሰላል። አስመጪ ከሆነ፣ ባንክ የውጭ ምንዛሪ እስኪፈቅድለትና ኤልሲ እስኪከፍትለት ይጠብቃል፤ ዕቃው ጅቡቲ ወደብ ላይ በዘገየ ቁጥር ኪራዩ በየቀኑ ይቆጠርበታል። እነሆ፣ ያ ሁሉን የሚያዝ ሰው በአንድ የባንክ ሠራተኛ ፊት ለስላሳ ሆኖ ይቀመጣል። ይህ ትዕይንት ከመቶ የውስኪ ብርጭቆ ይበልጣል። የዚህ ዓይነቱን ጉዳይ ደግሞ ደብዳቤውን የምትጽፈው ጸሐፊ፣ ቫውቸሩን የምታዘጋጀው የሒሳብ ሠራተኛና ጉምሩክ የምትመላለሰው ጉዳይ አስፈጻሚ ከማንም በላይ ያውቁታል።

ምን ይፈልጋል? ምንስ ይፈራል?

ሁሉ የሞላለት ሰው ምን ይፈልጋል? ይህን ያልመለሰ ደራሲ ባለጸጋውን በየክፍሉ ተጨማሪ ገንዘብ ሲያሳድድ ብቻ ያሳየናል፤ እኛም እንሰለቻለን።

የ«ዳላስ»ን ታሪክ የጀመረው ዴቪድ ጄከብስ ሲሆን፣ መጀመሪያ ዋናዎቹ እንዲሆኑ የታሰቡት ቦቢ የተባለው ታናሽ ወንድምና ከጠላት ቤተሰብ ያገባት ሚስቱ ፓሜላ ነበሩ። ታላቅ ወንድሙ ጄ አር በጎን ያለ ተንኮለኛ ነበር። ይሁን እንጂ ላሪ ሃግማን ሲጫወተው ሕዝቡ ከዚያ ተንኮለኛ ላይ ዓይኑን መንቀል አቃተው። ለምን ቢሉ፣ ጄ አር ፈገግ እያለ የሚጎዳ ሰው ነው፤ በእናቱ ፊት ጨዋ ልጅ ነው፤ ከሁሉም በላይ አባቱ «ጎበዝ» እንዲለው የሚመኝ ልጅ ነው። አባቱ ደግሞ ዓይኑ ያለው ታናሽየው ላይ ነው። ልጆች ያሳደገች እናት ሁሉ ይህን ቁስል ታውቀዋለች። ከልጆቿ መካከል አንዱን አብልጣ የተመለከተች ቀን የሌላውን ፊት አይታለችና።

ሎጋን ሮይም እንዲሁ ነው። ወራሽ ይፈልጋል፤ ወራሽ የሚሆን ሲመጣ ግን ይሰብረዋል። በአንድ ክፍል ላይ ሊዋኝ ሲገባ ጀርባው ላይ ያረጀ ጠባሳ ይታያል። ደራሲው ስለዚያ ጠባሳ ረጅም ንግግር አላስገባም። የተገረፈ ልጅ ሲያድግ ምን ዓይነት አባት እንደ ሆነ ግን ተመልካቹ ራሱ ይደርስበታል።

በቤተሰብ ውስጥ የሚነሣውን ጥያቄ ቱጃሩ ላይ ይጠይቁ። ከወንድሞቹ ማን ይወደድ ነበር? እናቱን የቀበራት ማን ነው? ልጁ ሲታመም የት ነበር? መልሱን ሁሉ በድራማው ውስጥ መክተት አያስፈልግም። እርስዎ ካወቁት ንግግሩ ውስጥ ይሰማል።

ሴቷ ባለጸጋስ?

እ.ኤ.አ. በ1981 የተጀመረውን «ዳይነስቲ» የተባለ ድራማ የፈጠሩት አስቴር ሻፒሮና ባለቤቷ ሪቻርድ ሻፒሮ ናቸው። መጀመሪያ የታሪኩ እምብርት ብሌክ ካሪንግተን የተባለው የነዳጅ ቱጃር ነበር። በሁለተኛው ዙር ግን ጆአን ኮሊንስ የተጫወተችው የቀድሞ ሚስቱ አሌክሲስ መጣች። ከዚያ በኋላ ብሌክ በገዛ ቤቱ የሚመጥነው ባላጋራ አገኘ። አሌክሲስ ውላ አድራ የነዳጅ ድርጅት መሪ ሆነች። ትበቀላለች፤ ትዋሻለች፤ ልጆቿንም አጥብቃ ትወዳለች። ቀሚስ የለበሰ ወንድ አይደለችም፤ የምትፈልገው ነገር የራሷ ነው።

የእኛ ደራስያን ስለ ሴት ባለጸጋ ሲጽፉ ብዙውን ጊዜ ወይ ክፉ አክስት፣ ወይ የባሏን ገንዘብ የምትረጭ ወይዘሮ ያደርጓታል። መርካቶን የሚያውቅ ሰው ግን በአንዲት ጠባብ ሱቅ ጥግ ነጠላዋን አጣፍታ ተቀምጣ፣ በእጅ ስልኳ ስንት ኩንታልና ስንት ጣቃ የምታንቀሳቅስ ሴት አይቷል። ከጣቷ ወርቅ ላይታይ ይችላል። ነገር ግን እሷ «ዋጋው ይህ ነው» ካለች ዋጋው ያ ነው። ይህችን ሴት በቴሌቪዥን የማየት መብት ለሴት ልጆቻችን የላቸውምን?

ሒሳቡን ማን ከፈለ?

አሁን ወደ ወዳጃችን ልጅ እንመለስ። የቴሌቪዥን ቱጃር በቤታችን ውስጥ ጉዳት የሚያደርሰው ክፉ በመሆኑ አይደለም። ክፋቱ ማንንም የማያስከፍል ሲሆን ነው። ዘበኛው ይሰደባል፤ ካሜራው ግን ከባለጸጋው ጋር ይሄዳል። ዘበኛው ወደ ቤቱ ሲገባ፣ ለሚስቱ ምን እንዳላት፣ ልጁ ፊት እንዴት እንደ ተቀመጠ አናይም። እንግዲህ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ከዚህ የሚማረው መሳደብ ትልቅነት መሆኑን ነው።

ጥሩ ደራሲ ሒሳቡን አይሰውርም። በ«ዳላስ» ውስጥ የጄ አር ሚስት ሱ ኤለን በወጣትነቷ በውበቷ የተሸለመች ሴት ነበረች። በትልቁ ቤት ውስጥ ግን የመጠጥ ሱሰኛ ሆነች። የባሏ ድል በሙሉ በእሷ ፊት ላይ ይነበባል። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1980 በታየው ክፍል ጄ አር በጥይት ተመታ፤ ማን እንደ መታው ሳይነገር ቀረ። ሕዝቡ ስምንት ወር ጠበቀ። መልሱ በኅዳር 21 ቀን 1980 ሲታይ በአሜሪካ ብቻ ከ80 ሚሊዮን የሚበልጥ ሰው ተመለከተው። ይህን ያህል ሰው ያጓጓው ተኩሱ ብቻ ነውን? አይደለም። ሚስቱም፣ ወንድሙም፣ የባንክ ባለሙያውም፣ ያታለላት ሴትም እያንዳንዳቸው ከእሱ ጋር ያልተዘጋ ሒሳብ ስለ ነበራቸው ነው። የተኮሰችው የሚስቱ እኅት ሆና ተገኘች። ቱጃሩ አሳማኝ የሆነው በዙሪያው ያሉት የጎዳቸው ሰዎች አሳማኝ ስለ ነበሩ ነው።

በአገራችንም በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ይቀርብ በነበረው «ሰው ለሰው» ድራማ አበበ ባልቻ የተጫወተውን አስናቀን ብዙ ቤተሰብ እስከ ዛሬ ያስታውሰዋል። ቃና ቴሌቪዥን እ.ኤ.አ. በ2016 ሥራ ከጀመረ ወዲህ ደግሞ የቱርክና የሌሎች አገሮች ባለጸጎች በአማርኛ እየተናገሩ በየቤታችን ገብተዋል። እነዚህን ማየት ክፉ አይደለም። ነገር ግን የኢስታንቡሉን ቪላ እንዳለ አምጥቶ ቦሌ ላይ መትከል ድርሰት አይሆንም። የእኛ ባለጸጋ ለቅሶ ይደርሳል፤ ዕድር አለው፤ የገጠር ዘመድ በሩ ላይ ይቆምበታል፤ የሚያውቁት አሮጊት በልጅነት ስሙ ይጠሩታል። በዚያች ደቂቃ ከረባቱ ሁሉ ይጠፋል። ይህን የሚጽፍልን የውጭ ደራሲ የለም።

እንግዲህ ለመጻፍ የምታስቡ እናቶችና ሠራተኞች፣ ሦስት ነገር ሞክሩ። አንደኛ፣ ባለጸጋው የሌለበት አንድ ትዕይንት ጻፉ፤ ሰዎቹ እሱን እየጠበቁ ነው። ሁለተኛ፣ ባለጸጋው አንድ ነገር የሚለምንበትን ትዕይንት ጻፉ፤ የሚለምነው ከእሱ ያነሰ ሰው ይሁን። ሦስተኛ፣ እሱ ከወጣ በኋላ በክፍሉ የቀረውን ሰው ተከትላችሁ እስከ ቤቱ ድረስ ሂዱ።

የማትጽፉም ብትሆኑ ድራማው ሲያልቅ ቴሌቪዥኑን ከማጥፋታችሁ በፊት ልጆቻችሁን አንድ ጥያቄ ጠይቁ። «ያ የተሰደበው ሰው ዛሬ ማታ ቤቱ ሲገባ ምን የሚል ይመስላችኋል?» በሏቸው። ስብከት አያስፈልግም። ጥያቄው ይበቃል።

ወዳጃችን ጽሑፏን እንደ ገና ጻፈችው። ጠረጴዛ መምታቱ ቀርቷል። አሁን ትዕይንቱ የሚጀምረው ሾፌሩ ስልክ ሲደውል ነው። ጸሐፊዋ ስልኩን ታነሣለች፤ «መነጽር» የሚል አንድ ቃል ብቻ ትሰማለች። ለሌሎቹ ዓይኗን ታሳያለች። አንዱ ወረቀት ይሰበስባል፤ አንዷ የሻይ ብርጭቆዋን መሳቢያ ውስጥ ትደብቃለች፤ ገና ሦስት ወር የሆነው ወጣት ግን ነገሩ ስላልገባው ፈገግ ብሎ «እንደምን አደሩ» ሊል ይነሣል። በሩ ይከፈታል።

እንግዲህ ድራማው ተቀባይነት ያግኝ አያግኝ ወደ ፊት የሚታይ ነው። ጽሑፉን ግን በአንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ለልጆቿ አንብባላቸው ነበር። ታላቅየው ዝም ብሎ ከሰማ በኋላ «ይሄኛው ያስፈራል» አለ። ጥቂት ቆይቶም «ያ ልጅ ግን ተባረረ?» ብሎ ጠየቀ። እናቱ መልሱን አልነገረችውም። ስለ ባለጸጋው ሳይሆን ስለ ወጣቱ ሠራተኛ መጠየቁን ግን ልብ ብላለች።